የላይኛው ኩሬ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የወንዝ መሠረት በሉኝ። በአንድ ወንዝ ዳር እንቁራሪትና ባሏ ይኖሩ ነበር። ድርቅ ያሰጋ ዕለት አያ ከርከሮ አውሬውን ሁሉ ለደቦ ጠራ። «ወንዙን ጠልፈን ከላይ በኩሬ እናጠራቅመው፤ በበጋ ሁላችንም እንጠጣለን» አለ። እሱ ቦዩን ማሰ፤ ዝንጀሮ ድንጋይ ካበ፤ እንቁራሪትና ባሏ እየዘፈኑ የግድቡን ቀዳዳ በጭቃ መረጉ።

የመጨረሻዋ ቀዳዳ ስትቀር እንቁራሪት እጇን ሰበሰበች። «አያ ከርከሮ፣ ይቺን ብንተዋትስ? እንቁላሎቼ ከታች ናቸው።»

«እመት እንቁራሪት፣ በደቦ መሀል የጓዳሽን ነገር ታነሺያለሽ? ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ይወርድልሻል» ብሎ ሳቀባት። አፈረችና ደፈነቻት።

በጋው ገባ። ከታች እፍኝ ውሃ ሲቀር ባሏ፣ «አንቺ ሂጂና ለምኚ፤ እኔ እንቁላሎቹን በገላዬ ላርጥብ» አላት። ዳገቱን እየዘለለች ወጣች። ኩሬው ጢም ብሎ ጉማሬ ተኝቶበታል።

«ሞልቷል እኮ፣ አያ ከርከሮ።»

«ሞልቶ ነበር። ጉማሬ ሲገባበት ሊፈስ ሲል ግድቡን ከፍ አደረግነው። አንቺም እዚሁ ቅሪ፤ ውሃው እንደሆነ ለሁላችን ይበቃል።»

ተመለሰች። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፤ ባሏ እንቁላሎቹን እንዳቀፈ ደርቋል። አጠገቡ ተቀመጠች። ሲመሽ ከላይ ሌሎች እንቁራሪቶች ያንኑ የደቦ ዘፈን ሲዘፍኑ ተሰማት። ከዚያ ኩሬ ወደ ታች የወረደላት ዘፈኑ ብቻ ነው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም፣ ካገኛችሁ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ አብሱ።