አውርጂ የሚባለው ግንብ

በኢፋት አፋፍ፣ ጣሪያው በወደቀ አንድ የጥንት መስጊድ አጠገብ፣ ወገብ ላይ የሚደርስ ዝቅ ያለ ግንብ አለ። የአገሩ ሰው «አውርጂ» ይለዋል። ከምንጭ የሚወጡ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው እንስራቸውን ያሳርፉበታል፤ የሚያልፍ ሰውም ከሰላምታው በፊት «አውርጂ እንጂ» ሳይል አይሄድም።

አባቶች እንደሚሉት ነገሩ የመጣው የኢፋት አሚሮች በበረቱበት ዘመን ነው። ያኔ ከዘይላ ጨርቁም ኪታቡም በግመል ይወጣ ነበር፤ ግመሉን ተከትለው ሼሆች መጡ፣ ሼሆቹን ተከትለው ግንበኞች መጡ፣ ልጅ ሁሉ ቁርአን ቀራ፣ በየጉብታው መስጊድ ተሠራ። ደግ ዘመን ነበር ይባላል፤ ዳሩ ግን ለግንቡ ጭቃ የሚቦካበት ውሃ ከምንጭ የሚወጣው በሴት ጀርባ ነበር።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ ሙሚና ነበረች። ሁለት ጽንስ በምንጩ ዳገት ላይ ወርዶባታል፣ አሁን ሦስተኛውን ይዛለች። ሸክም ይዛ ከተቀመጠች መነሳት ስለማይሆንላት፣ የምታርፈው ባላለቀው የመስጊዱ አጥር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንስራዋን አስደግፋ ብቻ ነበር። ግንበኛው ሐሩን ግን፣ አሚሩ ለጁምዓ ሊመጣ ነውና፣ አጥሩን እኩል ሊያደርገው ተነሳ።

«አያ ሐሩን፣ ይቺን እንኳ ተዋት» አለችው።

«ለአሚሩ ጥርሱ የወለቀ አጥር ላሳየው?»

«ጥርሱ የወለቀ አፍም ዱዓ ያደርጋል።»

ሳቀና ድንጋዩን ደረበበት። በማግስቱ ሙሚና ስትደርስ ጀርባዋን የምትሰጥበት አጣች። ከነእንስራዋ ስትንገዳገድ ሐሩን አየና ሮጦ እንስራውን ከጀርባዋ ተቀብሎ በራሱ ጀርባ አዘለው፤ እሷም ባለችበት ተዘረጋች። እሱ እንዳይቀመጥ ዳገት ነው፣ እንዳያስደግፍ አጥሩ ረዝሟል።

«ኧረ ተቀበሉኝ፣ እናንተ!»

«ቆይ እንጂ፣ ሙሚና ትረፍ» አሉት ሴቶቹ።

ላቡ ጺሙን ሲያርሰው «በሉ፣ ድንጋዩን አውርዱት!» ብሎ ጮኸ። እነሱም የደረበውን አወረዱት፣ እሱም ዞሮ አሳረፈ። አሚሩ በጁምዓ መጥቶ ስለ ጎዶሎው ቢጠይቀው፣ «ጌታዬ፣ ልኩ ይኸው ነው» አለ ይባላል። ሙሚናም፣ አላህ ይመስገን፣ በደህና ተገላገለች።

አሚሮቹ አለፉ፣ የመስጊዱም ድንጋይ ለበረት ተለቀመ። ከዚያች ግንብ ግን ማንም አንድ ድንጋይ አላነሳም፣ አልጨመረምም፤ በስንት ሴት ጀርባ ለስልሳ እዚያው አለች። ዛሬም የደከማት ስትደርስ ከወዲያ «አውርጂ እንጂ» ይሏታል። «አወረድኩ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች።