መዳፍ ውስጥ የቀረችው ጠጠር

አንድ ደርበው የሚባል የውሃ አባት ነበር። የመስኖውን ቦይ ለማን መቼ እንደሚከፍት፣ የሃያ ሁለት ገበሬ ተራ በቃሉ ይዞ ሲያድል ማንም ተበደልኩ ብሎ አያውቅም። ዘመቻ ተጠርቶ ሄደና ጭንቅላቱን ቆስሎ ተመለሰ። ቁስሉ ሻረ፤ ተራው ግን ከአእምሮው ጠፋ። የጠዋቱን ለቀትር አያስታውስም። የሰርግ ተኩስ ሲሰማ ቦይ ውስጥ ዘሎ ይተኛል። መንደሩም ሥራውን ለሌላ ሰጠበት። ደርበውን ከቁስሉ ይልቅ ይህ አመመው።

የመንደሩ ወጌሻ ጋሽ ይርዳው ገበጣ አዘዘለት። በየጠዋቱ ከጎረቤቱ ከአየለኝ ጋር እንዲጫወት፣ ጠጠሮቹን ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘራ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር፣ ልቡ ሲደነግጥ ደግሞ አንዲት ጠጠር ጨብጦ ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ ነገረው።

ደርበው ገና ከመጀመሪያው ቀን ያሸንፍ ጀመር። ቁጥር እየጠፋው፣ ተራውን እየረሳ ያሸንፋል። እንዴት እንዳሸነፈ ራሱንም ይገርመው ነበር።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ አየለኝ ዘርቶ እጁን ሊሰበስብ ሲል ደርበው ክንዱን ያዘው።

«አምስት አንስተህ አራት ነው የዘራኸው። አምስተኛዋ መዳፍህ ውስጥ ናት። እሷን ብትጥላት ኖሮ ትበላኝ ነበር» አለው።

አየለኝ አንገቱን ደፋ። አዝኖለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆን ብሎ ሲሸነፍለት እንደኖረ ተናዘዘ። የደርበው ፊት ጠቆረ። አጠገባቸው ተቀምጦ ጨዋታውን ያይ የነበረው ጋሽ ይርዳው ግን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ምን ያስቆጣሃል፣ ልጄ? ስትጀምር አራትና አምስት ይምታታብህ ነበር፤ ዛሬ ሌባ ያዝክ እኮ» አለው።

ደርበውም ሳቁ መጣበት። ያን ቀን በእውነት ተጫወቱና ሰባት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። እያፏጨ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አሸንፎ የመጣ መሰላት። ድባቅ እንደተመታ ሲነግራት ደስታው አፉን ሞልቶት ነበር።

በዓመቱ መንደሩ ቦዩን መለሰለት። አሁን ሃያ ሁለት ጠጠር በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ውሃ ለደረሰው ገበሬ ሁሉ አንዷን ወደ ሌላው ኪሱ ያዛውራል። የአየለኝ ተራ ሲደርስ ጠጠሯን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ለተጎዳ ሰው ማዘን ደግ ነው። እያወቁ መሸነፍ ግን «አንተማ አትችልም» ብሎ በዝምታ መናገር ነው። ደርበውን ካገኛቸው ድሎች ሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኙት እነዚያ ሰባት የእውነት ሽንፈቶች ነበሩ። እርስዎስ፣ ለሚወዱት ሰው አዝነው መዳፍዎ ውስጥ የደበቋት ጠጠር ትኖር ይሆን?