ጎመን በላ የተባለው ውሻ

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚሰማ ይቅረብ፣ የሚያንቀላፋ ራቅ ይበል! «ቀረብን» በሉኝ እስቲ። ጎሽ!

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሲናገር ሰው በሚሰማበት ዘመን፣ አያ ስንሻው የሚባል ሰው ነበረ። መንደርተኛው የወንዙን ዳር መሬት በዕጣ ሲከፋፈል ለእሱ አንዲት ቁራጭ ደረሰችው። ሁለት በሬ ቢተኛባት ሦስተኛው ቆሞ የሚያድርባት ናት። አያ ስንሻው ግን «እርሻዬ» እያለ ነበር የሚጠራት።

ይህ ሰው አይደፈሬ የሚባል ውሻ ነበረው። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ሁለቱ አብረው ወረዱ። ሰውየው በዶማ ቆፈረ፣ ውሻው በጥፍሩ ቆፈረ። ሰውየው ጎመን ተከለ፣ ሽንኩርት ደረደረ፣ ድንች ቀበረ። ውሻውም አንድ አጥንት ቀበረ፤ እንደማይበቅል ያውቃል፣ ግን ሥራ ፈትቶ መቆም አሳፈረው።

የሰውየው ሚስት ወይዘሮ ብዙአየሁ ልጇ ወልዳ ልታርሳት ሩቅ አገር ሄዳለች። ስትሄድ «ክረምቱን የምንወጣው በዚህች ጓሮ ነው፣ አደራ!» ብላ ነበር። አያ ስንሻውም አደራውን ተቀብሎ ወዲያው ለውሻው አሳለፈው።

«ስማ አይደፈሬ፣ አንዲት ቅጠል ብትጎድል ከቤቴ ትወጣለህ። ገባህ?»

«ገባኝ ጌታዬ» አለ ውሻው። ዓይኑን ሳይገልጥ የገባበት ቤት ነው፤ ሌላ ቤት አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።

ጎመኑ ሲለመልም መጀመሪያ እመት ጦጢት መጣች። «አይደፈሬ ወንድሜ፣ ዘበኝነቱ እንዴት ያምርብሃል! አንድ ቅጠል ብቻ፣ ለልጄ?»

«ዞር በይ!» አለና ዛፍ ላይ ሰቀላት።

በማግስቱ እመት ሚዳቋ መጣች። «እኔ እንኳ አልበላም፣ ላሽትት ብቻ።»

«እዚያው ማዶ ሆነሽ አሽቺ!» አለና ወንዙን አሻገራት።

በሦስተኛው ቀን አያ ጃርት መጣ። ጃርት ሽንገላ አያውቅበትም። «ድንች ቆፍሬ እንካፈል» አለው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማህም?» አለና ዘለለበት። ጃርቱ ሄደ፤ ሁለት እሾህ ግን የውሻው አፍንጫ ላይ ቀረ።

በመደቡ መካከል፣ የአያ ስንሻውን አሮጌ ኮት ለብሶ በእንጨት ላይ የቆመ የወፍ ማስፈራሪያ ነበር። «ስንት ቅጠል ጎደለ?» ሲል ጠየቀ።

«አንድም!» አለ አይደፈሬ እየደማ።

«ቆይ ብቻ። እኔ የጌታህን ኮት የለበስኩ ነኝ፤ ቀዳዳ ያልሆነ ኪስ የለውም።»

ውሻው ነገሩ አልገባውም። ታማኝ ነዋ።

ቅዳሜ ዕለት የአያ ስንሻው አበልጅ ብቅ አለ። «ወይ ጎመን! ይኸ ሁሉ ያንተ ነው?» ቢለው የአያ ስንሻው ደረት ተነፋ። «ምን አላት ብለህ ነው! በል ለቅምሻ ያዝ» ብሎ አንድ እቅፍ ቀነጠሰለት። አይደፈሬ ሊጮኽ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል! እንግዳ ነው!»

ውሻው የከፈተውን አፍ ምን ያድርገው? አዛጋበትና ዘጋው።

እሑድ የውሃ ዳኛው መጣ፤ መስኖውን በተራ የሚያካፍለው ሹም ነው። አፉ ስለ ውሃ ተራ ያወራል፣ ዓይኑ ሽንኩርት ላይ ነው። «ለቅምሻ» ተብሎ አንድ አቁማዳ ሽንኩርት ተሸክሞ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ጓሮው እኮ እያለቀ ነው» አለ ውሻው።

«አንተ ምን ታውቃለህ! አገሩ ሁሉ ‹ስንሻው ለጋስ ነው› ሲል አትሰማም?»

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ሰኞ የማኅበር ጓደኞቹ መጡ፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ከነአህያቸው። «ለቅምሻ ብቻ ነው የመጣነው» አሉ፤ አህያውንም ጫኑት። ድንቹ ተቆፍሮ አለቀ፣ የጎመኑ ግንድ ብቻ ቆሞ ቀረ። አያ ስንሻውም «አይደፈሬ፣ አውሬ እንዳይተናኮላቸው እስከ ኮረብታው ሸኛቸው» ሲል አዘዘ። ሸኛቸው።

ማክሰኞ ወይዘሮ ብዙአየሁ ተመለሰች። ወደ ወንዙ ወረደች፣ ባዶውን መደብ አየችና እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። «የክረምት ቀለባችን የት ሄደ?»

አያ ስንሻው ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። አበልጁን እንዳይወቅስ የክርስትና ነገር ነው። የውሃ ዳኛውን እንዳይወቅስ ውሃው አለ። ማኅበሩን እንዳይወቅስ ስሙ አለ። ዓይኑ ሲዞር ሲዞር ጅራቱን የሚቆላው ላይ አረፈ።

«ይኸው፣ እሱ ጨረሰው!»

«ውሻ ጎመን ይበላል እንዴ?»

«በዚህ ዘመን ደግሞ የማይበላ አለ!»

ሴትዮዋ መንገድም ሐዘንም አድክሟት ነበርና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ገባች። አይደፈሬ በዶማ እጀታ ተመትቶ ወጣ።

መንገድ ላይ ጃርቱ አገኘው። «ምነው ታነክሳለህ?»

«ጎመን በላህ ተብዬ ተባረርኩ።»

«አትበላም እንዴ?»

«አልበላም። ግን የጠየቀኝ የለም» አለና አለቀሰ። ጃርቱም አዘነለት። ካዘነለት በኋላ ግን «ታዲያ አሁን ጓሮውን ማን ይጠብቃል?» ብሎ ጠየቀ።

በሚቀጥለው በልግ አያ ስንሻው ደግሞ ተከለ። ጦጢት መጣች፣ ሚዳቋ መጣች፣ ጃርት መጣ፤ «ለቅምሻ» ያለ የለም፣ ዝም ብለው ጨረሱት። ቅዳሜ አበልጁ፣ የውሃ ዳኛውና ማኅበርተኛው አህያቸውን እየነዱ ደረሱ።

«ምነው ስንሻው፣ ዘንድሮ ጎመን የለም?»

«ውሻ ስለሌለኝ አውሬ ጨረሰው።»

«ያ ውሻህስ?»

«አምና ጎመኑን ቢበላብኝ አባረርኩት።»

አምና ጎመኑን የበሉት እንግዶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «አዬ! ውሻ መቼ ይታመናል!» ብለው ባዶ አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። በገዛ እጁ በትኖ ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው፣ መጀመሪያ የሚያገኘው አጠገቡ የቆመውን ታማኝ ነው። ተረቴ አለቀች፤ የሰማ ያውራ፣ የተኛም ይንቃ!