የረሕመት አምሮት

ድስቱ በሳሳ ቁጥር ሁሉም ሰው የሚላት ሁለት ቃል አለች። የድሃ ማጽናኛ ትመስላችሁ ይሆናል። እኛ ባቲዎች ግን ከእኛው ሰፈር ነው የወጣችው እንላለን። ደሴዎች ሲሰሙን ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

እንድሪስ ባቲ ገበያ ተምር ይሸጥ ነበር። ሚስቱ ረሕመት በስንት ዱዓ አርግዛ አምሮቷ ተምር ሆነ። እሱም «ከሚመጣው ጆንያ የመጀመሪያው እፍኝ ያንቺ ነው» አላት። ጆንያው ሲመጣ ፍሬው ላይ ነጭ ነገር አየበት። «ስኳሩ ወጥቶ ነው» ብሎ ደስ አለው።

ስኳር አልነበረም። በአከፋፋዩ መጋዘን ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት ተበትኖበት ኖሯል፤ ሌላ ከተማ የበሉት ታመዋል። በማግስቱ የመንግሥት ጤና ሠራተኞች መጥተው የገበያውን ተምር ሁሉ ወረሱ። ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ኖራ ነስንሰው ቀበሩት።

እንድሪስ ግን አንድ እፍኝ ጥምጣሙ ውስጥ ሸሸገ። ስስት አይደለም። የእርጉዝ አምሮት ከቀረ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ሰው ሲወድ ቂል ይሆናል መቼም።

ቤት ሲገባ ረሕመት አዋላጇ እማማ ዘምዘም ያመጡላትን ጎመን ይዛ ተቀምጣለች።

«እንኪ፣ አጥቤዋለሁ» አላት።

«ከተወረሰው ነው?»

መዋሸት አልቻለም። «ልጃችን ፊት ላይ ምልክት ቢወጣስ?»

ረሕመት ተምሩን እያየች ምራቋን ዋጠች፤ እንባዋም መጣ። ከዚያ ጣቶቹን መልሳ በፍሬው ላይ አጠፈችለት።

«ሂድ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቅበረው። ምልክቱ ይውጣ፤ ብቻ ልጄ በደህና ይውጣ።»

ቀብሮ ሲመለስ ጎመኑን አብረው በሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሰችው እሷ ናት።

ሴት ልጅ ወለደች። ጉንጯ ላይ ልክ ተምር የምታህል ጥቁር ምልክት ነበረች። እንድሪስ ምልክቷን እየሳመ አለቀሰ፤ የጸጸት ይሁን የደስታ እሱም አላወቀው።

አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ግን ከንፈሯን መጠጠች። «እኔን! ምናለ አንዲት ፍሬ እንኳ ብትቀምሺላት ኖሮ?»

እማማ ዘምዘም ጡት ላይ ተጣብቃ የምትታገለውን ሕፃን አዩና ሳቁ፤ «የምን ምናለ ነው? ይልቅ አጠባቧን አታይም? ጎመን በጤና!»