የጓንጉል ጉልበትና የሚያፈሰው ስልቻ

ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ተረት ተረት።

«የቀዬው በረከት።»

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ጉልበተኛ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና ምንጩም ወንዙም ደረቀ። የቀረው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ብቻ ሆነ። ሽማግሌዎቹም ተሰበሰቡና፦ ከብቱ እስከ እሁድ ጠጥቶ ካልረካ፣ ቀዬውን ለቀን እንሰደዳለን አሉ።

ጓንጉልም፦ እኔ እያለሁ ማንም አይሰደድም አለ።

በማግስቱ ማልዶ ከጉድጓዱ አፍ ቆመና የቆዳውን ስልቻ ይለቅ፣ ይስብ ጀመር። ገመዱ በድንጋዩ ላይ ይፋቃል። ስልቻው ከታች ሞልቶ ይነሣና በስፌቱ እያፈሰሰ፣ ላይ ሲደርስ ግማሽ ይሆናል። ጓንጉል ይናደድና ይፈጥናል። ሲፈጥን ስልቻው ከግድግዳው ይላተምና ይብሱን ያፈሳል።

ቀትር ላይ መዳፉ ተላጠ። ከብቱ የሚጠጣበት የእንጨት ገንዳ ግን አልሞላም። ላሞቹ የገንዳውን እርጥብ እንጨት ይልሳሉ። ጓንጉል አፈረና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ያን ጊዜ አንጓች የምትባል አሮጊት መጣች። ቆዳ ሰፊ ናት። ሰው ኮርቻ ያሰፋታል እንጂ ሰላም አይላትም ነበር።

አንጓች፦ ደከምክ፣ ልጄ።

ጓንጉል፦ ከጠዋት ጀምሬ ስሠራ ነው የዋልኩት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?

አንጓች፦ መድከምህን አያለሁ። ላሞቹ የሚያውቁት ግን ገንዳው የደረሰውን ነው። ከጉልበትህ ግማሹን ጉድጓዱ መልሶ ጠጣው፤ ከቀረው ደግሞ ገመዱ የሚፋቅበት ድንጋይ በላ።

ጓንጉል፦ ከዚህ በላይ ጉልበት ከየት ላምጣ?

አንጓች፦ ጉልበት አልጠየቅኩህም። ስልቻውን ስጠኝ።

ሰው እያየው መስጠት ከበደው። ከዚያም የላሞቹን ምላስ አየና ሰጣት።

እሷም ስፌቱን በጅማት ደግማ ሰፋችና በሰም ለቀለቀችው። እሱን ደግሞ ክብ የወይራ ግንድ አስጠረበችው። ግንዱን ከጉድጓዱ አፍ በሁለት ባላ ላይ አጋደሙና ሞራ ቀቡት። ገመዱም በላዩ ዋለና ግንዱ አብሮት ይሽከረከር ጀመር።

መጀመሪያ አንጓች ሳበች። አሮጊት ናትና ቀስ ብላ ነው። ስልቻው ግን ጢም እንዳለ ወጣ።

አንጓች፦ አንድ ስልቻ ውሃ ለእኔም ላንተም ያው አንድ ስልቻ ነው፤ ከዚያው ጥልቀት ነው የሚወጣው። እኔ አንዱን ሳወጣ ግን አንተ ሦስት ታወጣለህ። እግዜር ለአንተ የሰጠህ ይህን ፍጥነት ነው። በል ሳብ።

ጓንጉልም ሳበ። ግንዱ ይዞራል፣ ውሃው ይንዶቀዶቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰና ጥጆቹ ሳይቀሩ ረኩ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ።

እሁድ ሲደርስ አንድም አህያ ለስደት አልተጫነም። ሽማግሌዎቹ ጓንጉልን ሊመርቁ ቢመጡ ከቤቱ አጡት። እሱ አንድ ጥሬ ቆዳ ተሸክሞ ከአሮጊቷ ደጅ ቆሟል።

ጓንጉል፦ እመት አንጓች፣ ክንዴ ሳያረጅ እጄን ሥራ ያስተምሩልኝ።

እሷም ወስፌውን አቀበለችውና አጠገቧ አስቀመጠችው።

ተረቴን ለልጅ ልጅ አውርሱ፣ አፌን በትኩስ ቂጣ ዳብሱ።