በቁመቷ ልክ የተቀደደ ብራና

ምእመናን ሆይ፥ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በሁለት ልብ ለቆመች ባሪያዋ ያደረገችውን ተአምር በማስተዋል ስሙ።

በደብረ ምጽላል አጠገብ ወለተ ሐና የምትባል መበለት ነበረች፤ ዕለት ዕለትም እህል ውሃ ሳትቀምስ የእመቤታችንን ስም ስድሳ አራት ጊዜ እየጠራች ትሰግድ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ እሌኒ በንዳድ ታማ ወደቀችና ሰባት ቀን በጠበል ብታስጠምቃት አልተሻላትም፤ ጎረቤቶቿም «የበላት ሰው አለ» እያሉ ሹክ አሏት። እናት ናትና አትፍረዱባት፤ ፈራች።

ከዚያም ደብተራ አስረስ የሚባል ክታብ ጻፊ አስጠራች። እርሱም ብላቴናይቱን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ለካና ብራና በቁመቷ ልክ ቀዶ፥ በማይታወቁ ስሞች ሞልቶ ጠቀለለና በአንገቷ አሰረላት፤ «ይህን የፈታ ልጅቷን ቀበራት» ብሎም ሄደ። ወለተ ሐና በዚያው ዕለት ስግደቷንም አላስታጎለችም፤ አንዱ ባይሰማኝ ሌላው ይሰማኛል ብላ ነበርና።

ንዳዱስ ብላቴናይቱን ለቀቃት። ነገር ግን እሌኒ መናገር ተወች፤ ብራናውም እየደረቀ ሲኮማተር እርሷም አብራው ታጥር ጀመረች። መጀመሪያ ቀሚሷ መሬት ጠረገ፤ በሦስተኛው ቀን ከእናቷ ወገብ በታች ሆነች፤ በጠራራ ፀሐይ ደጅ ብታወጣትም ጥላ አልነበራትም።

ወለተ ሐናም እያለቀሰች በቀትር ወደ ምንጭ ወረደች። እነሆም ነጭ የለበሰች ፊቷ የሚያበራ ሴት በውሃው ዳር ቆማ፦ «ወለተ ሐና፥ ልጅሽን ለክተሽ ለማን አስረከብሻት?» አለቻትና ተሰወረች።

እርሷም እንስራዋን ጥላ ሮጠች፤ ክታቡንም ከልጇ አንገት በጥሳ ወደ ምድጃው ስታቀርበው፥ ከጥቅልሉ ውስጥ የእሌኒ ድምፅ «እማዬ፥ ተቃጠልሁ! እማዬ፥ አትግደይኝ!» እያለ ጮኸ፤ የልጅቷ ከንፈር ግን እንደ ተዘጋ ነበር። ወለተ ሐናም ክታቡን ከእሳቱ መለስ አደረገችው። ደብተራው እንዳለው ብትሞትስ? ከዚያም፦ «እመቤቴ ሆይ፥ ብትድንም ያንቺው ናት፥ ብትሞትም ያንቺው ናት፤ ከእንግዲህ በአንቺ ላይ ሌላ አልደርብም!» ብላ ወደ እሳቱ ወረወረችው። ብራናው እንደ ሕያው ሥጋ ተላወሰና ዝም አለ።

ወለተ ሐና ዞራ ለማየት ፈራች፤ እሳት እሳቱን እያየችም ቆመች። በዚያን ጊዜ ከኋላዋ አንድ እጅ ትከሻዋን ያዘ፤ «እማዬ፥ ራበኝ» የሚል ድምፅም ሰማች።

ዞራ ብታይ እሌኒ በቀድሞ ቁመቷ ቆማለች፥ ጥላዋም ተመልሷል። ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሄደው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ወለተ ሐናም የሠራችውን ሳትሸሽግ በሕዝቡ ፊት ተናገረች።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ የእመቤታችን ልመና ከፍርሃት መካሪዎች ይሰውራችሁ፤ በጭንቅ ቀን በሁለት ደጅ ከመቆም ትጠብቃችሁ፤ ልጆቻችሁንም በልጇ እጅ ታኑርላችሁ፥ ለዘለዓለሙ አሜን።