የፊታውራሪ ዐሥር ጥይቶች

ፊታውራሪ ወንድይራድ ለዒላማ ተኩስ ውድድር ሽጉጥ የሚመርጥና የሚያስተካክልላቸው አንድ ባለሙያ አስጠሩ። ሰውየው እጃቸውን ለክቶ የሚመጥናቸውን መረጠ፤ እጀታውንም ሞርዶ አለሰለሰ። ማነጣጠሪያውን ለማስተካከል ግን ጥይቱ የት እንዳረፈ ማወቅ ነበረበት። ስለዚህ ፊታውራሪ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ፣ ዒላማው አጠገብ የቆሙት አሽከሮች እየጮኹ ይነግሩት ነበር።

በውድድሩ ቀን ፊታውራሪ ዐሥር ጊዜ ተኩሰው ዐሥሩንም ሳቱ። ሕዝቡ ሳቁን ዋጠ። እሳቸውም ባለሙያውን አስቀርበው፣ "ጥፋቱ የማን ነው? የሽጉጡ ነው ካልህ ሥራህን አበላሽተሃልና ትገረፋለህ። የእጄ ነው ካልህም ደፍረኸኛልና ትገረፋለህ" አሉት።

"ጌታዬ፣ ሽጉጡም እጅዎም አላጠፉም" አለ ሰውየው። "ያጠፋው የእኔ ጆሮ ነው። እርስዎ በተኮሱ ቁጥር አሽከሮችዎ 'መሃሉን መቱት' ሲሉኝ አምኜ ማነጣጠሪያውን ሳልነካው ቀረሁ። ከተጠራጠሩ፣ ዛሬስ የት እንደመቱ ይጠይቋቸው።"

ፊታውራሪ ወደ አሽከሮቻቸው ዞረው፣ "የት መታሁ?" አሉ።

"መሃሉን፣ ጌታችን" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።